በጨርቅ የተሸፈነው ቀፎ

አልሸፈንኩትም። ይህን ለጋንድል ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን በነገርኩት ቁጥር እንደ ታመመ ልጅ ትከሻዬን ቸብ ቸብ ያደርገኛል።

"እማማ ቡርጋ፣ ደንግጠው ነበርኮ። ሰው ሲደነግጥ እጁ የሚሠራውን አያውቅም።"

የኔን እጅ ነው እንዲህ የሚለው። ይህ እጅ የእሱን ንፍጥ ስንቴ ጠርጓል! ዛሬ የፖሊስ ኮፍያ ስላደረገ የኔ እጅ የሚሠራውን የማያውቅ ሆነ። አለመማሬን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ደብቄው አላውቅም። መጃጀቴን ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እኔው እጽፈዋለሁ። ፊደሌ ይንጋደድ ይሆናል፤ ነገሬ ግን አይንጋደድም።

ቤቴ የጨው መንገዱ የሚጀምርበት ላይ ነው። ባሌ እስኪሞት ድረስ የቧንቧው ጠባቂ ነበር። ከተራራው ሆድ የሚወጣው የጨው ውሃ ጨው ወደሚፈላበት ቤት የሚወርደው በዚያ ቧንቧ ነው፤ መንገዱም ከቧንቧው ጎን ገደሉን ታክኮ ይሄዳል። በአንድ በኩል ዐለት፣ በሌላው ባዶ፣ ከታች ሐይቁ። በበጋ የከተማ ሰው ዱላውን ይዞ እየሳቀ ይጓዝበታል። በጥቅምት፣ ጉሙ ከሐይቁ ሲነሣ ግን፣ ከወፍ አጥማጅ በቀር ዝር የሚልበት የለም።

ኤንግልበርት ፑትስ በበጋ መንገደኛ ይመራ ነበር፤ በመኸር ወፍ ያጠምዳል። እዚህ አገር መኸር ሲገባ የወንዶቹ ልብ ጫካ ነው። መጥሪያ ወፋቸውን በትንሽ የእንጨት ቀፎ አዝለው ይወጣሉ፤ እሱ ሲዘፍን የዱር ወፎቹ ይመጣሉ፣ ወጥመድ ውስጥ ይገባሉ። በኅዳር ለትርዒት ያቀርቧቸዋል፤ ክረምቱን ቤት ውስጥ ቀልበው በጸደይ ይለቋቸዋል። አባቶቻቸውም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል። ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ጨው ሲቆፍር የዋለ ሰው፣ ቤቱ ሲገባ የሚዘፍንለት ነገር ይፈልጋል።

የኤንግልበርት መጥሪያ ምንቃሩ እንደ መቀስ የተቆላለፈ ቀይ ወፍ ነው። ከማርጀቱ የተነሣ "ሽማግሌው" ይለው ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ኤንግልበርት በቤቴ በር አልፎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጀመረ፣ አላባራም። ኤንግልበርትም አልተመለሰም። በማግስቱ የተራራ ነፍስ አድኖቹ ጫማቸውን አስረው እስኪጨርሱ መጠበቅ አቃተኝና ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። ዝናቡ አቁሟል፤ ጉሙ ግን እንዳለ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ቀፎውን ነው። ዐለቱ ላይ ካለች አሮጌ ሚስማር ተንጠልጥሏል፤ ቡናማ ጨርቅ ለብሷል፤ የጨርቁ ጫፍ ከሥር ተቆልፎ ተጠቅልሏል። ጨርቁ ውሃ ያንጠባጥባል። ገለጥኩት። ሽማግሌው አንድ ዓይኑን ከፍቶ አየኝ።

ከዚያ ዞር ስል የእጅ መደገፊያው እንጨት ተሰብሯል። ወደ ታች አየሁ። ኤንግልበርት ድንጋዮቹ ላይ በሆዱ ተኝቷል።

ይኸው ነው ያየሁት። ገለጥኩ እንጂ አልሸፈንኩም።

*

ጋንድል በማግስቱ ባሊንትን ያዘው። ባሊንት የልጅ ልጄ የሬጊና ባል ነው፤ ከሃንጋሪ ነው የመጣ፤ ከብት ያክማል። ያገሬ ወንዶች ይጠሉታል፤ ምክንያቱም ወፍ ማጥመድ ግፍ ነው ይላል። ይላል ብቻ አይደለም፤ አምና የኤንግልበርትን ወጥመድ ሰባብሮ ሦስት ወፍ ለቅቋል። መጠጥ ቤት ውስጥ በሰው ፊት "አንድ ቀን አንተን ራስህን እዘጋብሃለሁ፣ ያኔ ትዘፍናለህ" ብሎታል። ኤንግልበርት በሞተበት ጠዋት ደግሞ የት እንደነበረ የሚመሰክርለት ሰው የለም።

ጋንድል በገበያው መሃል፣ በካቴና አድርጎ ነው ወደ ግሙንደን እስር ቤት የወሰደው። ሬጊና ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመሰችም።

"አያቴ፣" አለችኝ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ "ቢፈረድበት እኔ እዚህ አልኖርም። ቢለቁትም እዚህ የሚኖር አይመስለኝም። እንዴት እንዳዩት ብታዪ!"

"አንገትሽን ቀና አድርጊ። ገና ምኑ ተያዘ።"

እንዲህ አልኳት እንጂ የኔም ልብ ዝቅ ብሎ ነበር።

*

ከግሙንደን ኢንስፔክተር መጣ። ቲልማን ሃኒሽ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጫማው የከተማ ጫማ። ወጥ ቤቴ ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ቀፎውንም ይዞት መጥቷል፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ወፉ ቢሮዬ ውስጥ አይበላም" አለ። "እርስዎ ጋ ይቆይልኝ?"

"እሱ ይቆይ። አንተስ ሾርባ ትበላለህ?"

"እበላለሁ። ሸፍነውት ነበር?"

"አልሸፈንኩም።"

"እሺ።"

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። "እሺ ስትል እሺ ማለትህ ነው፣ ወይስ 'እሺ እማማ' ማለትህ ነው?"

ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ጠፋ። "ገና አላውቅም። ነገሩን በኔ ቦታ ሆነው ይዩት። እርስዎ ሸፍነውት ከሆነ እዚያ መንገድ ላይ ከኤንግልበርት ጋር ከባሊንት ሌላ ሰው ለመኖሩ ምልክት የለኝም፤ ባሊንትን የሚያድነው ነገር የለም። ካልሸፈኑት ግን ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል። የተያዘው ደግሞ የልጅ ልጅዎ ባል ነው። እኔ ብሆን እርስዎን አምን ነበር?"

ተናደድኩ። ቢሆንም ፊት ለፊት ነው የነገረኝ፤ ትከሻዬን አልነካም።

"አታምነኝም ነበር" አልኩት። "ግን ሾርባዬን እየበላህ ነው፤ ስለዚህ ደህና አድርገህ መርምር።"

"ማንን ይጠረጥራሉ?"

"ሲክስቱስን። የጣውላ መሰንጠቂያው ሰውዬ። በማጥመጃ ቦታ ከኤንግልበርት ጋር ዕድሜ ልካቸውን ሲነታረኩ ነው የኖሩት። ክፉ ሰው ነው፤ ውሻ ይመታል።"

"ውሻ መምታት ሰው መግደል አይደለም።"

"መጀመሪያው ነው።"

*

ጋንድል ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የባሊንትን ጫማ ጋዜጣ ላይ አስቀምጦ ጠበቀን። ሬጊናም ነበረች። እኔን ማንም አልጠራኝም፤ ግን ማን ያስወጣኛል?

"ይኸውልዎ ጌታዬ" አለ ጋንድል። "ኤንግልበርት በወደቀበት ቦታ ቧንቧው ያፈሳል። የሚያፈሰው የጨው ውሃ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። እዚያ የረገጠ ሁሉ ጫማው ይነጣል። የባሊንትን ይዩት።"

እውነትም የጫማው ዙሪያ ነጭ ነው። ሬጊና አፏን ያዘች።

ኢንስፔክተሩ ጫማውን አነሣና ወደ መስኮቱ ወሰደው። ከዚያ ምላሱን አውጥቶ ላሰው።

"ጌታዬ!" አለ ጋንድል።

ኢንስፔክተሩ መሐረቡ ላይ ተፋ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ኖራ ነው። ምላሴን አቃጠለኝ። ወይዘሮ ሬጊና፣ ባልሽ በቅርቡ ኖራ ነክቷል?"

"በረቱን ቀብቷል! ያን ጠዋት ጀምሮ በማግስቱ ጨረሰ። ለአቶ ጋንድል ነግሬዋለሁ!"

"ሚስት ምን አትልም" አለ ጋንድል፣ ፊቱ ቀልቶ።

"ጨውማ ቤትህ አለ፤ ትቀምሰው ነበር" አልኩት። "ወይስ እናትህ ያላቀረበችልህን አትቀምስም?"

ኢንስፔክተሩ ጫማውን ወደ ቦታው መለሰ። "ኖራው ባሊንት እዚያ አልነበረም አያሰኝም። ጫማ ይቀየራል። ግን በጫማው የተያዘው ማስረጃ ወድቋል። አሁን መንገዱን መሄድ እፈልጋለሁ።"

*

ለኢንስፔክተሩ ባሊንት የተወውን የሸራ ጫማ አደረግንለትና ወጣን፤ እኔ ፊት፣ እሱ መሃል፣ ጋንድል ኋላ። ጉሙ ከሐይቁ እየተነሣ ዐለቱን ይልሳል። ከግርጌያችን ውሃው አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ቧንቧው ውስጥ የሚሄደው የጨው ውሃም ሆድ እንደባሰው ሰው ያጉረመርማል። ኢንስፔክተሩ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው።

"በዕድሜዎ እንዲህ ይሄዳሉ?"

"በዕድሜዬ ምን ላድርግ? ልብረር?"

ቦታው ስንደርስ ቀስ ብሎ ተንበረከከ። ነጩ የጨው ቅርፊት ሳንቃው ላይ ጋግሯል። ሚስማሩን አየ፤ የተሰበረውን እንጨት አየ፤ ወደ ታች አየ።

"ጋንድል፣ ወጥመዶቹ የት ናቸው?"

"ምን ወጥመዶች?"

"ሊያጠምድ ነው የወጣው አልከኝ። መረብም፣ የወጥመድ ሳጥንም አልተገኘም። እታች ነፍስ አድኖቹ ድንጋይ በድንጋይ ፈልገዋል። ቤቱ ሄጄ ነበር፤ ወጥመዶቹ ሁሉ ግድግዳው ላይ አቧራ ለብሰዋል። አንድ ወፍ ብቻ ይዞ ወጣ። ለምን?"

ጋንድል ወደኔ አየ። እኔም ወደሱ።

ኢንስፔክተሩ ከኪሱ ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ አወጣ። ውስጡ ከአጥንት የተሠራች ትንሽ ችካል አለች፤ የቀፎ በር የሚቆለፍባት ናት።

"ይህ ከኤንግልበርት መዳፍ ውስጥ ነው የተገኘው። ጨብጦት ነው የሞተው። የቀፎው በር ግን እማማ ሲያገኙት ተቆልፎ ነበር። በምን?"

"በእንጨት" አልኩ። ወጥ ቤቴ ውስጥ ስንቴ አይቼዋለሁ፤ ግን ልብ አላልኩትም። "በተላጠ የጥድ ቀንበጥ።"

"ሰውዬው ችካሉን አወጣ። በሩን ሊከፍት ነበር። ወፉን ሊለቀው ነው የመጣው። ችካሉ እጁ ውስጥ እያለ ወደቀ። ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው በሩን ዘጋ፣ ቀንበጥ ልጦ ቆለፈው፣ ሸፈነውና ሰቀለው።"

ጋንድል ጉሮሮውን ጠረገ። "ጌታዬ፣ ያን ሁሉ እማማ በማግስቱ አድርገውት ቢሆንስ? ወፉን እንዳይበርደው ብለው…"

በዱላዬ ልመታው ነበር። ኢንስፔክተሩ እጁን አነሣ።

"እኔም እንዲያ ብዬ አስቤ ነበር። ከዚያ የቀፎውን ወለል አየሁት። እዚህ ቦታ ዝናቡ በጎን እየመታ ነው የዘነበው፤ ጨርቁ እንደ ዓሣ መረብ ያንጠባጥብ ነበር። ውስጥ ያለው ዘር ግን ረጥቦ አያውቅም፤ አላበጠም፣ አልሻገተም፣ ገለባው እንኳ አልተጣበቀም። ቀፎው የተሸፈነው ዝናቡ ሳይጀምር ነው። ያን ጊዜ እማማ የት ነበሩ?"

"ልብስ ማጠቢያው ቤት" አለ ጋንድል፣ እየከበደው። "እናቴ… እናቴ አብራቸው ነበረች።"

ኢንስፔክተሩ ወደኔ ዞረ። "አልሸፈኑትም።"

"ብዬህ ነበር።"

"ብለውኛል። አሁን ደግሞ ባሊንትን እናስበው። ባሊንት ኤንግልበርትን ገፍቶ ጣለው እንበል። የተከፈተ ቀፎ ፊቱ ነው። ወፍ በቀፎ አይታሰር ብሎ የሚጮኽ ሰው በሩን ይዘጋል?"

"አይዘጋም" አለ ጋንድል። ድምፁ ከጉሙ ቀጠነ።

"ሰው ገደል ገብቶ እያለ የወፍን በር ቆልፎ፣ ቀፎውን ብርድ እንዳያገኘው አልብሶ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

መልሱን እኔና ጋንድል እናውቀዋለን። ወፍ አጥማጅ ነው። እጁ ለምዶታል። ሌላ ሰው አይደለም፤ ከኛው ነው።

"ሲክስቱስ!" አልኩ።

*

ሲክስቱስ አልነበረም። ይህን ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው።

"ያን ጠዋት የት ነበርክ?" አለው ኢንስፔክተሩ፣ መሰንጠቂያው ቤት።

"ሥራ።"

"ሠራተኞችህ አልነበረም ብለዋል።"

ሲክስቱስ ወደ ጋንድል አየ። ጋንድል ወደ መሬት አየ። በመጨረሻ ጋንድል ራሱ ተናገረ።

"እኔ ቤት ነበር ጌታዬ። ምድጃዬን ሲጠግንልኝ። የጣውላ ደንበኞቹ እየጠበቁት ስለነበር አትናገርብኝ ብሎኝ ነው።"

"አንተ ታውቅ ነበር?" አልኩት ጋንድልን። "እኔ ሲክስቱስ ሲክስቱስ ስል አብረህ ስትሰማ?"

"የጠየቀኝ የለማ።"

ሲክስቱስ ትንባሆውን እያላመጠ፣ "አሮጊቷ ሰቅለውኝ ነበር ማለት ነው?" አለ።

"ውሻህን መምታት ካልተውክ ገና እሰቅልሃለሁ።"

*

ጎትሊብ ኤገር ግን ወፉን ለማየት በየቀኑ ቤቴ ይመጣ ነበር። ጎትሊብን መንደሩ ሁሉ ይወደዋል። የጨው ማዕድኑ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ነው፤ የቆፋሪዎቹ በዓል ሲደርስ ባንዲራ የሚይዘው እሱ ነው፤ የወፍ አጥማጆቹ ማኅበር ሰብሳቢም ነው። ባሌ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነው። ከኤንግልበርት ጋር ከልጅነታቸው አብረው ያደጉ ናቸው።

"ቡርጋ፣ ይህን የጥድ ፍሬ ስጪው" ይለኛል። "ሽማግሌው ዘር ብቻ ከበላ ይወፍራል።"

"አንተ ከኔ ይልቅ ለሱ ታስባለህ።"

"አንቺ ምን ሆንሽና? አንቺ ክረምቱ ራሱ ይፈራሻል።"

አሳቀኝ። ከሬጊና ጋር ብቻዬን ስተክዝ ከርሜ ያሳቀኝ እሱ ብቻ ነው። ወንበሩን ወደ ቀፎው አስጠግቶ ይቀመጣል፤ ወፉን ያያል። ዓይኑ ቀልቷል። ወዳጁ ሞቶበታል ብዬ አዘንኩለት፤ ሾርባም ጨመርኩለት።

ኢንስፔክተሩ እዚያው አገኘው።

"አቶ ጎትሊብ፣ ከሟቹ ጋር መጨረሻ የተነጋገራችሁት መቼ ነው?"

"በበጋ። ትንሽ ተቀያይመን ነበር። ስለ ትርዒቱ አዳራሽ፣ የማይረባ ነገር ነው። ምነው ታርቄው በነበር!"

"ያን ቀን ምን ሊሠራ የወጣ ይመስልዎታል?"

"ሊያጠምድ ነዋ፤ ሌላ ምን አለ? በየዓመቱ እንደሚያደርገው። እኔ ሳል ይዞኝ ቤቴ ተኝቼ ነበር።"

"ያየዎት ሰው አለ?"

"ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ ጌታዬ። ድመቴን ይጠይቋት።"

ኢንስፔክተሩ ፈገግ አለ። ኮፍያውን ሲያነሣ ግን ዓይኑ ጎትሊብ ላይ ነበር። ጎትሊብ ወፉን እያየ ነው።

"ነገ ጠዋት አብረውን ቢወጡ ደስ ይለኛል" አለው። "ማኅበሩን የሚመሩት እርስዎ ነዎት። መጥሪያ ወፍ እንዴት እንደሚሰቀል ያሳዩኛል።"

"ሳሌ…"

"ቀስ ብለን ነው የምንሄደው።"

*

በማግስቱ ጉሙ ከሁሉም ቀን የባሰ ነበር። ጋንድል፣ ኢንስፔክተሩ፣ ጎትሊብ፣ እኔ። ቀፎውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ኢንስፔክተሩ ለማንም አይስጡት ብሎኛል። ለምን ብዬ ስጠይቀው አልነገረኝም። ይህም ያናድዳል።

በመንገዱ ላይ ጎትሊብ ደጋግሞ፣ "ቡርጋ፣ አታወዛውዢው" ይለኛል። "ጨርቁን ዝቅ አድርጊው፤ ነፋሱ ከሐይቁ ነው" ይለኛል። ሳል ያለበት ሰው አልመሰለኝም፤ ከኔ ቀድሞ ነው የሚራመደው። የተሰበረው እንጨት ጋ ስንደርስ ብቻ ቀስ አለ፤ ከዐለቱ ጋር ተጣበቀ።

"እዚህ ነው" አለ ኢንስፔክተሩ። "እማማ፣ ጨርቁን ያንሡልኝ።"

አነሣሁ። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ጊዜ ቀጭን ድምፅ አሰማ። ከጉሙ ውስጥ የመለሰለት የለም።

"አቶ ጎትሊብ፣ መጥሪያ እንዲጠራ ከተፈለገ ይሸፈናል?"

"አይሸፈንም። ካላየ አይዘፍንም።"

"ጥሩ። እንግዲህ ወፉን ይዤው ወደ ግሙንደን መመለስ አልፈልግም። ባለቤቱ ሞቷል፤ ወራሽ የለውም። እዚሁ ልለቀው ነው።"

ጣቱን ወደ ቀንበጧ ሰደደ። እውነቱን እንደሆነ እኔም አመንኩ።

"አይሆንም!" ጎትሊብ እጁን ዘርግቶ ወደፊት መጣ። "ሰውዬ፣ አብደሃል? በጥቅምት! ዕድሜ ልኩን ከሰው እጅ የበላ ወፍ ነው! ጫካ ውስጥ ሁለት ቀን አይቆይም። መልቀቅ አይደለም፣ መግደል ነው! ለሱም ነግሬዋለሁ፣ ጸደይ ድረስ ጠብቅ ብዬው ነበር፣ እሱ ግን እንደ ደረቅ ግንድ…"

ቆመ።

ቧንቧው ብቻ ያጉረመርማል።

"ለማን ነው የነገሩት?" አለ ኢንስፔክተሩ፣ ለስለስ ብሎ። "ኤንግልበርት ወፉን ሊለቅ እንደነበር እኔ ለማንም አልተናገርኩም። እነዚህ ሁለቱም አልተናገሩም። እርስዎ ትናንት ሊያጠምድ ነው የወጣው ብለውኛል። ጸደይ ድረስ ጠብቅ ያሉት የት ቆማችሁ ነው?"

ጎትሊብ ዐለቱ ላይ ተደገፈ። ፊቱ አመድ መሰለ። ለረጅም ጊዜ እኔን አየኝ፤ ኢንስፔክተሩን አይደለም።

"ማኅበሩን ሊለቅ ነበር፣ ቡርጋ። በኅዳሩ ስብሰባ ተነሥቶ በሰው ፊት 'ይብቃ' ሊል ነበር። ያ ባሊንት አሳምኖት። ከክረምት ጀምሮ ማታ ማታ ሲያወሩ ነበር፤ ማንም አያውቅም። ጠላቶች መስለዋችሁ ነበር፤ ወዳጆች ሆነው ነበር።"

"ባሊንት ለምን አልተናገረም?" አለ ጋንድል።

"ቢናገርስ?" አልኩት። "አንተ መቼ ሰው ትሰማለህ።"

"ይህ ልማድ የአባቶቻችን ነው" አለ ጎትሊብ። "እሱ 'ይብቃ' ካለ ማን ይከራከርለታል? ከኛ ሁሉ በላይ እሱ ነበር የሚያውቀው። ተከትዬው ወጣሁ። ለመንኩት። ችካሉን አወጣ። ቀፎውን ያዝኩበት። እሱም ያዘ። ሳንቃው ርጥብ ነው። እግሩ ሸሸ፣ እንጨቱ ተሰበረ። እጁን ዘረጋልኝ።"

"እና?"

"ሁለቱም እጄ ቀፎው ላይ ነበር።"

"ቀፎውን ብትጥለውስ?" አልኩት።

"ወፉ ነበረበትኮ፣ ቡርጋ" አለኝ። ልክ ወፍጮ እህል ይፈጫል እንደሚል ሰው፤ የማይገባኝ ነገር እንዳለ ሳያስብ።

ኢንስፔክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ይላል።"

"አውቃለሁ። ይጣራ ነበር። በስሜ ነው የሚጣራው።" ጎትሊብ እጁን ፊቱ ላይ ጫነ። "መውረድ ፈራሁ። ሰው መጥራትም ፈራሁ። ምን እላለሁ? ሰማዩ እየጠቆረ ነበር። ዝናብ ሊመጣ ነው። ሸፈንኩት።"

እኔ ሾርባ የጨመርኩለት ሰው ነው። ባሌን የተሸከመ ትከሻ ነው።

"ሬጊና ስታለቅስ ወጥ ቤቴ ተቀምጠህ ነበር" አልኩት። "ፊት ለፊቷ። ለወፉ የጥድ ፍሬ ስታመጣ።"

"ይለቁታል ብዬ ነበር። ማስረጃ የላቸውማ። ከዚያ ወደ አገሩ ይመለሳል። እሱኮ የኛ አይደለም።"

"የኛ ማን ነው? እታች ሆኖ የጠራህ?"

ጋንድል ካቴናውን አወጣ። ኢንስፔክተሩ "እዚህ መንገድ ላይ አይሆንም፤ ስንወርድ" አለው። እንዲያ ብለን ወረድን። ጎትሊብ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ቀፎው ጨርቁን መልበሱን አየ። ለብሶ ነበር። እኔ ነኝ ያለበስኩት፤ ይህንኛውን እኔ ነኝ።

*

ጣቢያው ደርሰን ጎትሊብን ወደ ኋላው ክፍል ካስገቡት በኋላ ኢንስፔክተሩ ወደ ግሙንደን ደወለ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ መስኮቱ ሥር ገበያው ሞልቷል፤ አይብ የሚሸጡት፣ የጨሰ ዓሣ የሚሸጡት፣ ወሬ የሚሸጡት። ስልኩን ዘጋና "ባሊንት ተለቋል" አለ። ወሬውን ሰምታ የመጣችው ሬጊና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ተነሣች፤ ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

ጋንድል ኮፍያውን ያሽከረክራል።

"እንግዲህ እንዲህ እናድርግ" አለ። "ሲመሻሽ ሬጊና ግሙንደን ሄዳ በጓሮው በር ትቀበለው። በላይኛው መንገድ አድርጋ ቤት ታስገባው። ሰው ሳያይ፣ ወሬ ሳይበዛ። ለሱም ይሻለዋል፤ ለሁላችንም።"

ሬጊና "እሺ" ልትል አፏን ከፈተች። እጇን ያዝኳት።

"የለም" አልኩ። "ጋንድል፣ ስማኝ። ኋላ ደግሞ እማማ ደንግጠው ነበር እንዳትል፣ አልደነገጥኩም። መኪናህን አሁን አስነሣ፣ ገበያው ሳይበተን። ግሙንደን ሂድ፣ ባሊንትን በዋናው በር አውጣው። ስትመለሱ መኪናውን ከድልድዩ ማዶ አቁም፣ ከሱ ጎን በእግርህ ሂድ፤ ከኋላው አይደለም፣ ከጎኑ። በካቴና በወሰድክበት በገበያው መሃል። በአይብ ሻጮቹ ፊት፣ በመጠጥ ቤቱ በር፣ በሲክስቱስ ፊት። ኮፍያህን አውልቀህ ያዘው። 'ምን ሆነ?' ብሎ የሚጠይቅህ ሰው ይኖራል፤ ሁሉም ይጠይቅሃል። ለእያንዳንዱ ቆመህ 'ተሳስቼ ነው፣ ይህ ሰው ምንም አላደረገም' በለው። ድምፅህን ከፍ አድርገህ። ደክሞኛል እንዳትል። እስከ ቤቴ በር ድረስ እንዲህ አምጣልኝ።"